ፊት የነበረው ሰው

አባ ወልደ ሐዋርያት የሞቱት ማክሰኞ ዕለት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን ራሴ ነኝ የጻፍሁት። የሞቱበትን ምክንያትም ራሴ ጻፍሁ። ሰዓቱ ትክክል ነው።

ያን ቀን በተመላላሽ ክፍሉ የነበርነው ሁለት ሐኪሞች ነን። ካቻምና አምስት ነበርን። አንዱ የመድኃኒት አስመጪ ዘንድ ገብቶ ከረባት ያስራል፤ አንዷ የውጭ ፈተና አጠናለሁ ብላ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አብሮኝ የተማረው ኪሩቤል ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ሆስፒታል ይሠራል። በየሳምንቱ "ወረቀትሽ አለቀ?" ብሎ ይጽፍልኛል። ወረቀት የሚለው ከሆስፒታሉ አስተዳደር የሚወጣ ደብዳቤ ነው፤ በዚህች ሐኪም ላይ የተከፈተ ምንም ዓይነት ጉዳይ የለም የሚል። ያለ እሱ ሐርጌሳም ሌላም ቦታ አይቀበሉኝም። ደብዳቤዬ ተጽፎ ፊርማ ይጠብቅ ነበር።

ከክፍሌ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ስልሳ ይሆናል። እኔ ደግሞ ታጋሽ አይደለሁም። እናቴ "በሰባት ወርሽ የወጣሽው መጠበቅ ስላልቻልሽ ነው" ትለኛለች።

አባ ወልደ ሐዋርያት ተራቸው ደርሶ ሲገቡ መቋሚያቸውን ከበሩ ጀርባ አስደገፉ። የደበዘዘ ቢጫ ልብስ፣ ጥቁር ቆብ፣ እስከ ደረት የወረደ ጢም። ዕድሜያቸውን በግምት አርባ አምስት ብዬ ሞላሁት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ።

"ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ደኅና ነኝ አባ። ምን ያምዎታል?"

"ትንፋሽ ያጥረኛል። ሽቅብ ስሄድ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከፍልሰታ ወዲህ ብሷል።"

ደረታቸውን ሳዳምጥ የልባቸው መዝጊያ እንደተበላሸ ማንም ተማሪ የሚለየው ነበር። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ልብ ላይ የሚያርፍ፣ በዚህ አገር በየቀኑ የምናየው በሽታ ነው። የኦክስጅን መለኪያዋን ከግራ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ ላደርግ ስል የጣቱ ጫፍ የለም። የመሐል ጣታቸው ላይ አደረግሁት።

"ከዚህ በፊት ለልብዎ ታክመው ያውቃሉ?"

"ወልደ ሐዋርያት አልታከመም።"

ስለ ራሳቸው እንደ ሌላ ሰው በስም ጠርተው ነው የሚያወሩት። የመነኮሳት ወግ ነው ብዬ አለፍሁት።

"መርፌ ተወግተው ወይም ክኒን ውጠው ሰውነትዎ ተቆጥቶ ያውቃል? ያሳከከዎ፣ ያሳበጠዎ፣ ትንፋሽ የከለከለዎ?"

ዝም አሉ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዎች በተራ ይጣላሉ፤ አንደኛዋ "እኔ ከዘጌ የመጣሁት በጨለማ ነው!" እያለች ትጮሃለች። አባ ወልደ ሐዋርያት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና "ፊት የነበረው ሰው..." ብለው ጀመሩ።

"አባ፣ እኔ የምጠይቅዎ ስለ እርስዎ ነው። ስለ ሌላ ሰው አይደለም።"

አዩኝ።

"እንግዲያስ የለም" አሉ።

"የለም" ብዬ ጻፍሁና ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን ፔኒሲሊን አዘዝሁላቸው።

መርፌ ክፍል ሲስተር የሺአረግ አለች። እኔ ከመወለዴ በፊት መርፌ ትወጋ የነበረች ሴት ናት። ፔኒሲሊን ከመወጋቱ በፊት፣ ሰውነት ይቆጣ እንደሆነ ለማየት ጥቂት ጠብታ ከቆዳ ሥር ተሰጥቶ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ወረቀቱን አይታ ወደ እኔ መጣች።

"ዶክተር፣ የቆዳውን ላድርግላቸው?"

"የደቅ ደሴት ጀልባቸው በስድስት ሰዓት ትነሣለች። የሚያስቆጣቸው የለም ብለዋል። በቃ ይውጓቸው፣ ሲስተር።"

ደግነት መስሎኝ ነበር። ግማሹ ደግነት ነው። ግማሹ ከበሩ ውጭ ያለው ስልሳ ሰው ነው።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ "ዶክተር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ ከንፈራቸው አብጧል፤ ደረታቸው ላይ ሽፍታው እንደ ካርታ ተሠርቷል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል። አድሬናሊን ሰጠን። ደገምን። ኦክስጅን አደረግን። ልባቸው ሲቆም ደረታቸው ላይ ወጥቼ ደጋግሜ ተጫንሁ። በጥድፊያ መለኪያዋን መልሼ ያን ጎደሎ ጣት ላይ አድርጌያት ኖሮ፣ ማሽኗ ጣቱን ፈልጋ እያጣች ትጮሃለች። እስከ መጨረሻው ጮኸች። የዘጋት ሰው የለም።

ከዚያ ተቀምጬ "ከነበረባቸው የልብ ሕመም የተነሣ ድንገተኛ የልብ መቆም" ብዬ ጻፍሁ። ሲስተር የሺአረግ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጎትታ ሽፍታውን ሸፈነችው።

"እንግዲህ ሐኪሟ አንቺ ነሽ" አለች።

አስከሬኑን ሊወስዱ ሁለት መነኮሳት ከጀልባዋ መጡ። እኔ ለጩኸት ተዘጋጅቻለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ ሟች ወንድም ወንበር አንሥቶ የሥራ ባልደረባዬን ክንድ ሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ ሞት ስናረዳ በር በር እናያለን። ነገርኋቸው። ሽማግሌው መነኩሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኛ እሳቸውን የቀበርናቸው ቆብ የጫኑ ዕለት ነው" አሉኝ። "ከሰሌን ላይ አስተኝተን ግንዘት አንብበን፣ ፍትሐት ደግመን። የፊተኛው ሰው ያን ዕለት ሞተ። ዛሬ ሥጋው ተከተለ። ደክመሻል፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።"

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ወንበሩ በተሻለኝ።

አርብ የሞት ገምጋሚዎቹ ተቀመጡ። በሳምንቱ የሞተ ሰው ሁሉ ስሙ እየተጠራ ለምን እንደሞተ ይጠየቃል። የአባ ወልደ ሐዋርያት አራት ደቂቃ ፈጀ። የቆየ የልብ ሕመም፣ ዘግይቶ የመጣ። "ቀጣይ" ተባለ።

መቋሚያው ግን ከበሩ ጀርባ ቀርቷል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጫፉ ግድግዳውን ይመታል፤ ኳ። በቀን ስልሳ ጊዜ። ጽዳት የምትሠራዋን አውጭልኝ ብላት አማተበችና ዙሪያውን ወልውላ ሄደች። ሲስተር የሺአረግን ጠየቅኋት።

"የመነኩሴ መቋሚያ አይጣልም። ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።"

"ባለቤቱ ሞቷል እኮ፣ ሲስተር።"

"ይመጣል አልሁሽ።"

በሁለተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ። በምሳ ሰዓት መቋሚያውን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የደቅ ጀልባ ቆማ ጨውና የስሚንቶ ከረጢት ትጭናለች። ባለ ጀልባው እኔን ሳያይ መቋሚያውን አየ።

"ይኼን ለገዳሙ አድርስልኝ" አልሁት።

"አላደርስም።"

"ዱላ እኮ ነው። ቦታ አይዝብህም።"

"ያኔ ሰውየውን ያለ መቋሚያው ወሰድኋቸው። አሁን መቋሚያውን ያለ ሰውየው? በቃኝ፣ እቴ። ውኃ ላይ የምኖር ሰው ነኝ።" ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። "የገደላቸው ይዞት ይሂድ።"

"ማን ገደላቸው?" አልሁት።

"ልባቸው ነው አይደል የተባለው? እኔ ምን አውቃለሁ።"

ይዤው ተመለስሁ። ከበሩ ጀርባ አቆምሁት።

በመናፍስት አላምንም። ያስጨነቀኝ ዓረፍተ ነገር ነው። ፊት የነበረው ሰው... ምን? ማን ነው እሱ? ምን ሆነ? በሽተኛ ጠይቄው ከመመለሱ በፊት ዝም ባለ ቁጥር ያ ዓረፍተ ነገር መጥቶ ከመሐላችን ይቀመጣል። ሽንኩርት ስከትፍ የሌባ ጣቴን ጫፍ አያለሁ። ባጃጅ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስልክ ሲጮህ የመለኪያዋ ድምፅ ይመስለኝና እጄን ልዘጋት እዘረጋለሁ። ለኪሩቤል ጻፍሁለት። ወዲያው መለሰልኝ፦ "የልብ በሽተኛ ነበሩ አይደል? በቃ። ሬሳ እየቆጠርሽ አትኑሪ። ቦታው እስከ ወር መጨረሻ ነው የሚጠብቅሽ።"

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍሉ ገድሉ አንዲት ሴት አስከትሎ መጣ። ጋሼ ገድሉ ከሰው ይልቅ ከካርድ ጋር ይግባባል። የሞቱ ሰዎችን ካርድ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻ ያስቀምጣል፤ "ጸጥተኞቹ" ይላቸዋል፤ የማይሰለፉ፣ የማይሳደቡ።

"ዶክተርዋ፣ ይችን ሴት ተቀበይኝ" አለ። "ጠዋት ከከፈትሁ ጀምሮ የሙት ካርድ አምጣ ብላ ይዛኛለች። ሕያው ነው ትላለች። እኔ ዘንድ ሞቷል።"

በሩ ኳ አለ። ሴትዮዋ ገባች። አርባ ዓመት አልፏታል፤ የመንገድ አቧራ ነጠላዋ ላይ አለ። አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

"አንች ነሽ!" አለች።

"ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?"

"ያዳንሽው! ወንድሜን! ኧረ እኔን፣ ከአንችው ያገናኘኝ!" እጄን ይዛ ልትስም ጎንበስ ስትል ሳብ አደረግሁ። "ሣህሉን። ሣህሉ ቢያዝን፣ የእንፍራንዙ አናጢ። መርፌ ወግተውት ሲታፈን ደረቱ ላይ የወጣሽ አንች አይደለሽ? እኔ አገርነሽ ነኝ፤ ከበሩ ላይ ስጮኽ 'ዝም በይ፣ አልሞተም' ያልሽኝ?"

አስታወስሁ። አራት ዓመት ሆኖታል፤ ኢንተርን ነበርሁ፣ ሐኪም ሊሉኝ ገና የሚያመነቱበት ጊዜ። መጀመሪያ በእጄ ከሞት የተመለሰ ሰው እሱ ነው። ጢሙን የተላጨ፣ ለፍላፊ፣ ነቅቶ ገና ድምፁ ሳይመለስ "ልውጣ እንጂ አልጋ እሠራልሻለሁ፤ ሲያዩሽ እንቅልፍ የምታውቂ አትመስይም" ያለኝ። በሳምንቱ ወጣ። አልጋው አልመጣም፤ እኔም ረሳሁት።

"እና... እንዴት ነው?" አልሁ።

"እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።" ተቀመጠች። "ከዚህ ወጥቶ ሁለት ወር ቆየ። ከዚያ 'የሞትሁትን የመለሰኝ በከንቱ አይደለም' ብሎ መጋዙን ለጎረቤት ሰጥቶ ገዳም ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ መነኮሰ ብለው ላኩብን። ፍትሐቱ ተደግሟል፣ ሣህሉ የሚባል ሰው የለም፣ ከእንግዲህ አትፈልጉት አሉን። እናቴ ልቅሶ ተቀመጠች። ተዝካሩንም አወጣን። በኋላ ከዚህ፣ ከልብ ክትትሉ ደወሉልኝ። 'ሣህሉ ቀጠሮውን ለምን ቀረ?' አሉኝ። ሞቷል አልኋቸው።"

"እርስዎ ነዎት ሞቷል ያሉ?"

"ምን ልበል ታዲያ? ቄሱ እንደዚያ በሉ ብለዋል። ሕያው ነው ማለት ምንኩስናውን ማፍረስ ነው ብለዋል።"

ገድሉ ከበሩ ላይ ሆኖ "እኔም ሞቷል ብዬ ጽፌ ካርዱን ወደ ጸጥተኞቹ ወሰድሁት" አለ። "እንዲህ ያለ ሙት እንዳለ ማን ነግሮኝ?"

"አሁን ግን እናቴ ደክማለች" አለች አገርነሽ። "'ሙትም ይሁን ሕያው፣ ይምጣና ይባርከኝ' ብላለች። መንገዱ ተዘግቶ ከረመ፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ሲከፈት መጣሁ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። የምንኩስና ስሙን አልነገሩን፣ በማን ስም ልላክበት? ኋላ ግን አሰብሁ። ልቡ መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ያለ እዚህ ነው። ገዳሙ ባያስገባኝ ሆስፒታሉ ያስገባኛል። ካርዱን እዩና ንገሩኝ፤ በየስንት ጊዜው ነው የሚመጣ? እዚህ ደጃፍ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።"

"ካርዱን አምጣው፣ ጋሼ ገድሉ" አልሁ።

አመጣው፤ አቧራውን በክርኑ ጠረገው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከፈትሁት።

የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ፔኒሲሊን በፍጹም አይሰጠው። ሊሞት ነበር።" ያን ጊዜ ማንም፣ ጤና ጣቢያ ያለች ተማሪም ብትሆን፣ ዘበኛም ቢሆን እንዲያነበው ብዬ ነው በአማርኛ ያደረግሁት። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ዕድሜ፣ ያኔ ሠላሳ አንድ። መለያ ምልክት፣ የግራ እጅ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም፤ መጋዝ።

ፊት የነበረው ሰው ሊል የነበረው ይኼን ነው። ሦስት ሳምንት የፈለግሁት ቀሪው ዓረፍተ ነገር፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ከመርፌ ክፍሉ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ገድሉ ከኋላዬ ሆኖ አነበበ። የአባን ካርድ ያወጣም፣ መልሶ ያስገባም እሱ ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"ስሚኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሞቷል ያለች እሷ ናት። ሞቷል ብዬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አልታከምሁም ያሉ እሳቸው ናቸው። አንች ምን አደረግሽ? ሳይነግሩሽ በምን ታውቂ?"

"ጋሼ ገድሉ..."

"ቆይ፣ አትቸኩይ። ስምሽ ደብዳቤ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ይኼን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጸጥተኞቹ አይናገሩም። ለሴትዮዋ፣ ካርዱ እንዳለው ነው፣ ሞቷል ትያታለሽ። ውሸት ነው? ሞቷል እኮ።"

ያለው ልክ ነበር። ለዚያ ነው ያስፈራኝ። ካርዱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ግማሹን ለቅቄለት ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ከክፍሌ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ኳ። በሩ አልተከፈተም።

ስገባ አገርነሽ ቆማለች። መቋሚያውን ይዛለች። ጣቷ ከራሱ ላይ፣ አግዳሚዋ እንጨት ከቋሚው ጋር ከተጋጠመችበት ቦታ ላይ ነው።

"ይኼ የማን ነው?" አለች።

ካርዱን እንደያዝሁ ወደ እሷ ቀረብሁ።

"ሚስማር የለውም። እይው። እንጨት በእንጨት ነው የሰካው፤ ወይራ በወይራ። ሣህሉ ሚስማር አይወድም ነበር። 'ሚስማር የሰነፍ ነው' ይላል። የቤታችን በር እንዲህ ነው፤ የእናቴ መቀመጫ ዱካ እንዲህ ነው።" ቀና አለች። "እዚህ ምን ያደርጋል? ባለቤቱስ?"

"ሞቱ" አልሁ። "ስማቸው አባ ወልደ ሐዋርያት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ።"

አልጮኸችም። አንድ ጊዜ ተቀብሮ ያለቀሱለት ሰው ነው፤ ጩኸቱን ከየት ታምጣው? መቋሚያውን ተደግፋ ቆመች።

"በምን?"

"ያው መርፌ ነው። ፔኒሲሊን።"

"እንዳይሰጠው ጽፈሽ አልነበር?"

"ጽፌ ነበር።"

ካርዱን እጄ ላይ አየችው። ቀዩ ጽሑፍ ከበሩ ድረስ ይታያል። ማንበብ ትችላለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ወደ ገድሉ ዞረች።

"እኔ ሞቷል ባልል ኖሮ፣ ይኼ ካርድ ከፊት ይገኝ ነበር?"

ገድሉ መሬት መሬት አየ። የእኔን መልስ ነው የሚጠብቀው። ራሴን ብነቀንቅ ይበቃል፤ አፌን እንኳ መክፈት አያስፈልገኝም። ሴትዮዋ ጥፋቱን ተሸክማ እንፍራንዝ ትገባለች፣ እስክትሞት ተሸክማው ትኖራለች፤ እኔ ሐርጌሳ።

"ካርዱን አልፈለግሁትም" አልሁ። "ከፊት ቢሆን፣ ከኋላ ቢሆን፣ አልፈለግሁትም። አዲስ ነዎት ብዬ አዲስ ከፈትሁላቸው። መድኃኒት የሚያስቆጣዎ አለ ወይ አልኋቸው፤ 'ፊት የነበረው ሰው' ብለው ሊነግሩኝ ጀመሩ፤ እኔ አቋረጥኋቸው። ስለ ሌላ ሰው አልጠየቅሁም አልኋቸው። ነርሷ እንመርምር አለች፤ እንቢ አልሁ። የእርስዎ ቃል እኔ ዘንድ አልደረሰም። ያዘዝሁት እኔ ነኝ።"

ገድሉ በረጅሙ ተነፈሰና ወጥቶ ሄደ።

አገርነሽ መቋሚያውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። ከውጭ ሰልፈኛው በሩን ይቆረቁራል። "ሲያይሽ ምን አለሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጄ።"

"አውቆሻል።"

"አይመስለኝም። እኔም አላወቅኋቸውም።"

"አውቆሻል እኮ! እሱ ሰው አይረሳም። ጢሙ የበቀለ እሱ፤ አንች እንደሆንሽ ያው ነሽ።" ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ስለ ፊተኛው ኑሮው እንዳይናገር ታዟል። ቢሆንም ጀመረልሽ። አስቆምሽው። ታዲያ የጻፍሽው አንች፣ የምታውቂው አንች። ከሷ በላይ ማን ያውቃል ብሎ ተወው። አምኖሽ ነው ክንዱን የሰጠ።"

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ አስቀመጥሁት።

"ጻፊልኝ" አለች።

"ምን ልጻፍ?"

"እንዴት እንደሞተ። ለእናቴ ልቡ ነው ልበላት? ልቡንስ ለምዶት ነበር። አሁን የነገርሽኝን ጻፊ። ማኅተም ይመታበት። ስሙንም ጻፊ፣ ሁለቱንም። ቄሱ ማን ብለን እናስበው ሲሉኝ አላፍርም።"

ተቀመጥሁ። መጀመሪያ በአባ ወልደ ሐዋርያት ካርድ ላይ፣ ያኔ ከጻፍሁት ምክንያት ሥር፣ ትክክለኛውን በቀይ ጻፍሁ። በአማርኛ። ከዚያ ለእሷ ገለበጥሁት። ወደ አስተዳደር ስወስደው ማኅተም የምትመታው ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ዶክተር ወንጌላዊት፣ ይኼ እኮ ከተመዘገበ..." አለች። ደብዳቤዬ ከፊቷ ካሉት ወረቀቶች ሦስተኛው ነበር፤ የስሜ የመጀመሪያ ፊደሎች ብቅ ብለው ይታያሉ።

"ምቺው" አልኋት።

መታችው። ደብዳቤዬን ከክምሩ ስባ አወጣችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያው ሲዘጋ አልጮኸም።

አገርነሽ ወረቀቱን አራት አጥፋ ከደረቷ ውስጥ ከተተች። ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። መቋሚያውን አንሥታ ከብብቷ ሥር አደረገችና "እናቴ ትደገፍበታለች" አለች። ከደጃፉ ላይ ዞር አለች። "አልጋ እሠራላታለሁ ይል ነበር። ጣውላውን ገዝቶ ነበር። አሁንም ቤት አለ።"

ገድሉ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ካርዶች በአንድ ሲባጎ አስሮ መጣ። ተቆጥቷል፤ የተቆጣ ቀን "ዶክተርዋ" አይለኝም።

"የት ላድርጋቸው?" አለ።

"ከሕያዋኑ ጋ።"

"ሁለቱም ሞተዋል እኮ፣ ልጄ።"

"ጉዳዩ አላለቀም፣ ጋሼ ገድሉ። ይጠሩኛል። ሲጠሩኝ ፍለጋ እንዳትቸገር።"

የሐኪሞችን ጥፋት የሚመረምሩት ጠርተውኛል። ለታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው ቀጠሮው። ፈቃዴን ያግዱ፣ ያስጠንቅቁኝ፣ ወይም እንደ አርቡ በአራት ደቂቃ "ቀጣይ" ይበሉ፣ አላውቅም። ለኪሩቤል "አላለቀም" ብዬ ጻፍሁለት፤ ምኑ ብሎ አልጠየቀም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ያን ሰኞ ከአገርነሽ በኋላ አርባ አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር። የመጀመሪያው ከጢስ ዓባይ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እግራቸው ቆስሏል። ከወንበሩ አረፍ እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

"መድኃኒት ወስደው ሰውነትዎ ተቆጥቶ ያውቃል?"

ዝም አሉ። ጠበቅሁ። ኮሪደሩ ይጮሃል፤ አንድ ሰው ተራዬን ተቀማሁ ይላል። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ደቂቃ አለፈ።

"ምን ነበር ያልሽኝ?" አሉኝ።

ጥያቄውን ደገምሁላቸው። አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ በሩን በሰፊው ከፈተው። ጆሮዬ ኳ የሚለውን ጠበቀ። ከበሩ ጀርባ ግን ምንም አልነበረም፤ በሩ እስከ ባዶው ግድግዳ ድረስ ሄዶ ቆመ።